ተኩላ ለምን ብቻውን አይሄድም?

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው። «የ9 ዓመት ልጄ ተኩላዎች በበረዶ ላይ በረጅሙ ተሰልፈው ሲጓዙ የሚያሳይ ፎቶ አየች። ‹ብቻቸውን መሄድ ይፈራሉ እንዴ?› አለችኝ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነው፣ ተባብረው ትልቅ እንስሳ ለመጣል ነው አልኳት። እሷ ግን አልረካችም። ከፎቶው ሥር ደግሞ ሽማግሌዎቹና በሽተኞቹ ከፊት፣ ‹አልፋ› የሚባለው መሪ ከሁሉም ኋላ እንደሚሄድ ተጽፏል። እውነት ነው? ተኩላስ ብቻውን ማደን አይችልም?»

ወንድሜ፣ ልጅዎ አለመርካቷ ልክ ነው። የሰጧት መልስ ስህተት ሆኖ አይደለም። እኔም የሥጋ በል እንስሳትን ባህሪ ማጥናት ስጀምር በልቤ የነበረው ይኸው መልስ ነው። ችግሩ ከመሀል የሚጀምር መልስ መሆኑ ነው። ተኩላዎች ለማደን ብለው ከየአቅጣጫው አይሰባሰቡም። ሲጀመርም አብረው ናቸው። አደኑ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

አንድ ነገር ላስቀድም። ተኩላ የሚለውን ስም አንዳንድ ሰው ለዱር ውሻም ይጠቀምበታል። እኔ እዚህ የማወራው በሰሜን አሜሪካ፣ በአውሮፓና በእስያ ስለሚኖረው ግራጫ ተኩላ ነው። ልጅዎ ያየችውም እሱን ነው።

መንጋ ስንል ምን ማለታችን ነው?

«መንጋ» የሚለው ቃል ትንሽ ያሳስተናል። የበግ መንጋ፣ የከብት መንጋ ስንል የምናስበው እረኛ ሰብስቦ የሚነዳቸውን ብዙ እንስሳት ነው። የተኩላ መንጋ እንዲህ አይደለም። አባት አለ። እናት አለች። የዘንድሮ ቡችላዎች አሉ። የአምና ልጆች አሉ። አንዳንዴ የካቻምናዎቹም ገና ከቤት አልወጡም። ቤተሰብ ነው፣ በቃ። አብዛኛውን ጊዜ ቁጥራቸው ከ5 እስከ 10 ቢሆን ነው።

አጀማመሩን እንይ። አንድ ወጣት ወንድ ከወላጆቹ ተለይቶ ይወጣል። አንዲት ወጣት ሴትም ከሌላ ቤተሰብ እንዲሁ ትወጣለች። ይገናኛሉ። ሌላ ተኩላ ያልያዘው መሬት ይፈልጋሉ። ካገኙ እዚያው ይቀመጣሉ። ክረምቱ፣ ማለትም በረዶ የሚወርድበት ወቅት፣ ሊያልቅ ሲል ይጣመራሉ፣ ከ63 ቀን ገደማ በኋላ እናቲቱ ጎሬ ውስጥ ትወልዳለች። ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ቡችላዎች ናቸው። ሲወለዱ አያዩም፣ አይሰሙም። ዓይናቸው የሚገለጠው ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ነው።

በእነዚያ ሳምንታት እናቲቱ ከጎሬው ብዙም አትርቅም። አባትየው እያደነ ያመጣል። የሚያመጣው በአፉ አንጠልጥሎ ብቻ አይደለም፤ በሆዱም ይዞ ይመጣል። ቡችላዎቹ ከፍ ሲሉ ወደ ተመለሰው ተኩላ ይሮጡና አፉን ይልሳሉ፣ ይነካካሉ። ያኔ የዋጠውን ሥጋ መልሶ ያወጣላቸዋል። የቤት ውሻ ጌታው ሲመጣ ዘሎ ፊቱን ሊልስ የሚታገለው የዚህ ልማድ ቅሪት እንደሆነ ብዙ ባለሙያዎች ያምናሉ።

የአምና ልጆች ካሉ እነሱም ያመጣሉ። ታናናሾቻቸውን ይጠብቃሉ፣ ያጫውታሉ። ሁሉም እኩል ትጉ አይደሉም። ሥጋውን መንገድ ላይ በልቶ ባዶ አፉን የሚመጣም አለ። ደህና ያልበላ ወጣት ጎሬው ድረስ መጥቶ ከቡችላዎቹ ጋር ሲሻማ የታየበት ጊዜም አለ። ይህን የምጽፈው ረዳትነታቸውን ለማሳነስ አይደለም። ቤተሰብ መሆኑ እንዲታይ ነው።

መኸር ሲደርስ ቡችላዎቹ በቁመት ወላጆቻቸውን ይቃረባሉ። ከዚያ ወዲያ ከጎሬ ጋር የሚያስራቸው ነገር የለም። ወላጆቻቸው በሄዱበት ይከተላሉ። በፎቶው ላይ ልጅዎ ያየችው ረጅም ሰልፍ እንዲህ የሚከተሉ ልጆች ያሉበት ሰልፍ ነው።

ልጆቹ ለምን ቶሎ አይወጡም?

ስለዚህ «ለምን በመንጋ ይኖራሉ?» የሚለው ጥያቄ በእኔ እይታ መልኩን ይቀይራል። «ልጆቹ ለምን ቶሎ አይወጡም?» ይሆናል። የቀይ ቀለም ፀጉር ያለውን የአውሮፓ ቀበሮ ብንወስድ ብዙዎቹ ልጆች በተወለዱበት ዓመት መኸር ላይ መውጣት ይጀምራሉ። ተኩላ ግን አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ አንዳንዴም ሦስት ዓመት ይቆያል። ልዩነቱ ምንድን ነው?

የሚበሉት ነገር ነው። ቀበሮ አይጥ ይይዛል። አይጥ ለአንድ አፍ ናት፤ ለማካፈል አትበቃም። ከ30 እስከ 50 ኪሎ የሚመዝን ተኩላ ግን የሚያድነው ኤልክ የሚባለውን ትልቅ አጋዘን ነው። ሙስ የሚባለውን ከዚያ የሚበልጥ እንስሳ ያድናል። ባይሰን የሚባለው የዱር ከብትም አለ፤ ወንዱ እስከ 900 ኪሎ ይደርሳል። አንድ ተኩላ በጣም ቢርበው በአንድ ጊዜ እስከ 10 ኪሎ ገደማ ሥጋ መብላት ይችላል። ባልና ሚስት ብቻቸውን 400 ኪሎ የሚመዝን ሙስ ቢጥሉ በአንድ ማዕድ 20 ኪሎ ይበላሉ እንበል። የቀረውስ?

የቀረውን ቁራ ይወስደዋል። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ለእኔ ከጠቅላላው ታሪክ እጅግ የሚያስደንቀኝ ይህ ክፍል ነው።

በአሜሪካና በካናዳ ድንበር ላይ ካለው ሱፒሪየር ሐይቅ መሀል አይል ሮያል የምትባል ደሴት አለች። እዚያ የተኩላና የሙስ ጥናት የተጀመረው በ1958 ነው (እዚህም ሆነ ከዚህ በኋላ ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)፤ እስካሁን አልተቋረጠም። ተመራማሪዎች በየክረምቱ በትንሽ አውሮፕላን እየበረሩ መንጋዎቹን ይቆጥራሉ፣ የገደሉትን ይመዘግባሉ። ከሒሳቡ አንድ እንቆቅልሽ ወጣ። የሚገደለው ሥጋ ለተኩላዎቹ ቁጥር ሲካፈል፣ ብዙ የሚደርሰው ለትልቅ መንጋ አባል ሳይሆን ለሁለት ሆነው ለሚያድኑ ነው። መንጋው ሲያድግ የእያንዳንዱ ድርሻ ይቀንሳል። እንግዲያው በመተባበር ይጠግባሉ የሚለው ነገር ምን ሊሆን ነው?

በ2004 የታተመ ጥናታቸው እንቆቅልሹን የፈታው ቁራን ወደ ሒሳቡ በማስገባት ነው። ተኩላ አንድ እንስሳ በጣለ ቁጥር ቁራዎች በብዛት ይመጣሉ። የሚበሉትን ይበላሉ፣ የተረፋቸውን እየወሰዱ ይደብቃሉ። ባልና ሚስት ብቻ ከሆኑ ሲጠግቡ ይተኛሉ፣ ቁራ ደግሞ በቀን ብርሃን ሥራ አይፈታም። ስምንት ዘጠኝ ሆነው ቢበሉ ግን ሥጋው ቶሎ ያልቃል። ለቁራ የሚቀረው ያንሳል። ይህ ሲሰላ የትልቅ መንጋ ጉዳት ወደ ጥቅም ተገለበጠ።

አሁን በአባትየውና በእናትየው ቦታ ሆነው ያስቡት። ሥጋው ተርፏል። ወይ ቁራ ይበላዋል፣ ወይ የወለዷቸው ልጆች ይበሉታል። በእኛ ቋንቋ «የሥጋ ዘመድ» የሚል ቃል አለ። እዚህ ግን ነገሩ ቃል በቃል ነው። ልጆቹን ለተጨማሪ አንድ ዓመት ማቆየት ወላጆቹን ብዙም አያስከፍላቸውም። ለልጆቹ ደግሞ ያ ዓመት የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው። የአሥር ወር ተኩላ ሲታይ ትልቅ ይመስላል፣ ማደን ግን ገና አያውቅም። በአሜሪካ በየሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው ተኩላ በአደን ጎበዝ የሚሆነው ሁለትና ሦስት ዓመት ሲሞላው ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ ጉልበቱ መቀነስ ይጀምራል። ዕድሜው አጭር ነው፣ የሚማረው ብዙ ነው።

አደኑስ?

ብቻውን ማደን ይችላል። ይህን ለልጅዎ በእርግጠኝነት ሊነግሯት ይችላሉ። አንድ ተኩላ ብቻውን ሙስ ሲጥል በተመራማሪዎች ተመዝግቧል። ጥንቸልና ቢቨር የሚባለው ውሃ ውስጥ የሚኖር አይጥ መሰል እንስሳማ የብቻው ሥራ ነው። በካናዳ ቪክቶሪያ ከተማ ፊት ለፊት ባሉ ትንንሽ ደሴቶች ላይ አንድ ወንድ ተኩላ ለብዙ ዓመታት ፍጹም ብቻውን ኖሯል። «ሲል» የሚባለውን የባሕር እንስሳ እያደነ ነበር የሚኖረው። በ2020 ከደሴቶቹ ወጥቶ ወደ ከተማው ተሻገረ፤ ተይዞ ወደ ሌላ ጫካ ከተወሰደ በኋላ በዚያው ዓመት በአዳኝ ተገደለ።

ቢሆንም መተባበር ይጠቅማል። ጥቅሙ ግን ሰው እንደሚያስበው እየጨመረ የሚሄድ አይደለም። በየሎውስቶን የተኩላዎችን የኤልክ አደን ሲከታተሉ የነበሩ ሰዎች አንድ ነገር አስተዋሉ። ከአንድ ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ አራት ሲሆኑ የመያዝ ዕድላቸው ያድጋል። ከአራት በኋላ ይቆማል። አምስተኛው፣ ስድስተኛው፣ አሥረኛው ምንም አይጨምርም። ምክንያቱን ሲያዩ ከኋላ ያሉት ሙሉ አቅማቸውን አይሰጡም። ሌሎቹ ይጨርሱት ብለው ወደ ኋላ ይላሉ። ኤልክ በኮቴው ከረገጠ የጎድን አጥንት ይሰብራል፤ ያለ እሱ የሚያልቅ ከሆነ ለምን ይጋፈጣል?

በባይሰን ላይ ነገሩ ይለወጣል። ያን የሚያህል እንስሳ አራት ተኩላ አይበቃውም። የማደን ዕድላቸው ከ9 እስከ 13 እስኪሆኑ ድረስ እያደገ ይሄዳል። እንግዲህ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ያሉት ለባይሰን በደንብ ይሠራል። ለአጋዘን ግን አራት ክር በቂ ነው።

ሰው የሚያጋንነው ሌላም ነገር አለ። ተኩላዎች እንደ ጦር አዛዦች ዕቅድ አውጥተው፣ አንተ በዚህ ዙር፣ አንቺ በዚያ ቁረጪ ተባብለው እንደሚያድኑ ይነገራል። በ2011 የታተመ አንድ የኮምፒውተር ጥናት ለዚህ ቀለል ያለ መልስ ሰጠ። ለእያንዳንዱ የኮምፒውተር ተኩላ ሁለት ሕግ ብቻ ተሰጠው። አንደኛ፣ የሚታደነው እንስሳ ሊጎዳህ እስከማይችልበት ርቀት ድረስ ቅረብ። ሁለተኛ፣ እዚያ ስትደርስ ከሌሎቹ ተኩላዎች ራቅ በል። በቃ። ከእነዚህ ሁለት ሕጎች ብቻ መክበቡ፣ ማሳደዱ፣ አንዳንዴም ከፊት አድፍጦ የመጠበቅ የሚመስለው ነገር በራሱ ወጣ። ይህ እውነተኛ ተኩላ አያስብም ማለት አይደለም። ተኩላ ብልህ እንስሳ ነው። ግን ለመክበብ የግድ አዛዥ አያስፈልግም።

ይህ ሁሉ ተደርጎም አብዛኛው አደን አይሳካም። ሙስን ለማደን ከሚደረጉ ሙከራዎች ከአሥር አንዱ እንኳ የማይሳካባቸው ቦታዎች አሉ። ሙስ ቆሞ ከተጋፈጠ ተኩላዎቹ ብዙ ጊዜ ትተውት ይሄዳሉ። ስለዚህ ሲሄዱ ነው የሚውሉት። ደካማውን፣ ያረጀውን፣ የታመመውን እስኪያገኙ ድረስ ይፈትሻሉ።

ሳያድኑ አብሮ መኖር

ለማደን ብቻ አይደለም የምልበት ትልቁ ምስክሬ ቀይ ቀበሮ ነው። ስሙ ቀበሮ ይሁን እንጂ የሥጋ ዘመዱ ግራጫ ተኩላ ነው። በኢትዮጵያ ከፍተኛ ተራሮች ላይ ብቻ ይኖራል፤ ብዙው ያለው ባሌ ነው። የቀሩት አዋቂዎች ከ500 አይበልጡም።

ቀይ ቀበሮ ፍልፈልና አይጥ ነው የሚበላው። ቀኑን ሙሉ ለብቻው ሲያደባ ይውላል። ለአይጥ ተባባሪ ምን ያደርግለታል? ታዲያ ይኸው ብቸኛ አዳኝ የሚኖረው በመንጋ ነው። ማለዳና ማታ ይሰበሰባሉ፣ ይተሻሻሉ፣ ይጫወታሉ፣ ሰላምታቸው ረጅምና ጫጫታ የበዛበት ነው። ከዚያ የክልላቸውን ወሰን አብረው ይዞራሉ፣ በሽንታቸው ምልክት ያደርጋሉ። ጎረቤት መንጋ ካገኙ ያሳድዳሉ። አንዷ ስትወልድ ሁሉም ለቡችላዎቹ ምግብ ያመጣሉ። ሌላይቱ ሴት የእሷ ላልሆኑት ቡችላዎች ጡት ስትሰጥም ታይታለች።

ይህን እንስሳ ሳስብ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይገባኛል። አብሮ ማደኑ ቢወጣም መንጋው አይፈርስም። የሚቀሩት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ልጅና መሬት።

ስለ ልጅ አውርተናል። መሬቱ ደግሞ ቀላል ጉዳይ አይደለም። የግራጫ ተኩላ መንጋ የሚይዘው ክልል እንደ ታዳኙ ብዛት ይለያያል። ምግብ በበዛበት 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ሊበቃ ይችላል። በሩቅ ሰሜን ከ1,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ያ ክልል የቤተሰቡ ጓዳ ነው። ጎረቤት ሲገባበት ዝም አይባልም። ማታ ማታ አብረው የሚያላዝኑት አንድም እርስ በርስ ለመጠራራት፣ አንድም «ቦታው ተይዟል» ለማለት ነው። ሜዳ ላይ ነፋስ ከሌለ ድምፃቸው ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ይሰማል።

ማላዘኑ ካልበቃ ይዋጋሉ። ሰው በማያድንበት በየሎውስቶን ውስጥ ተኩላን በብዛት የሚገድለው በሽታ ወይም ረሃብ አይደለም። ሌላ ተኩላ ነው። በዚህ ውጊያ የሚያሸንፈው ብዙ ጊዜ ቁጥሩ የሚበልጠው መንጋ ነው። ሌላም ነገር አለ። ከስድስት ዓመት በላይ የሆነው ሽማግሌ ተኩላ ያለበት መንጋ በቁጥር ቢያንስ እንኳ የማሸነፍ ዕድሉ ከፍ ይላል። ሽማግሌው ጉልበቱ ደክሟል። ግን ብዙ ውጊያ አይቷል። መቼ መግፋት፣ መቼ መሸሽ እንዳለበት ያውቃል። በአደን ላይ ወደ ኋላ የቀረው ተኩላ በድንበር ላይ ዋጋው ይወጣል።

የታመመውም እንዲሁ። በየሎውስቶን ተኩላዎች ላይ ፀጉር የሚያረግፍ እከክ ገብቶ ብዙዎችን ጎድቷል። በዚያ ብርድ ፀጉር ማጣት ትልቅ አደጋ ነው። የታመመው ተኩላ ብቻውን ከሆነ ወይም መንጋው ትንሽ ከሆነ የመሞት ዕድሉ በጣም ይጨምራል። ብዙ ጤነኛ ዘመዶች ካሉት ግን ከጤነኛ ተኩላ ብዙም ባልራቀ ሁኔታ ይኖራል። ሌሎቹ ያድናሉ፣ እሱ ይበላል። አስታማሚ ናቸው ልል አልፈልግም፤ ልባቸውን አላየሁም። የታመመው ግን ከማዕዱ አልተባረረም።

አሁን ወደ ፎቶው

ፎቶው እውነተኛ ነው። የተነሳው ከአየር ላይ ነው፣ ካናዳ ውስጥ በዉድ ባፋሎ ብሔራዊ ፓርክ። በሰልፉ ላይ 25 ተኩላዎች አሉ። ባይሰን የሚያድን መንጋ ስለሆነ ነው ይህን ያህል የበዛው። ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ግን ፈጠራ ነው፤ ፎቶው ከወጣ ከዓመታት በኋላ ሰው የለጠፈበት ነው። ከፊት የነበረችው በሽተኛም ሽማግሌም አይደለችም። መንጋውን የምትመራዋ እናት ናት። በረዶውን እየሰበረች መንገድ የምትከፍተው እሷ ናት።

መሰለፋቸው የጥልቅ በረዶ ጉዳይ ነው። ጥልቅ በረዶ ውስጥ መራመድ ኃይል ይጨርሳል። አንዱ ከከፈተው በኋላ ሌሎቹ በዱካው ላይ ይረግጣሉ። አስተውለው ካዩት የ25 ተኩላ መንገድ የአንድ ተኩላ መንገድ ይመስላል። ደካማውን ከፊት ማድረግ እኮ በጣም ከባዱን ሥራ ለደካማው መስጠት ነው። ከፊት ብዙ ጊዜ የሚሄዱት ወላጆቹ ናቸው፤ አልፎ አልፎ ጉልበት ያለው ወጣት ይቀድማል። የቀረ ካለ ይጠብቁታል ወይም በዱካቸው ይደርስባቸዋል።

«ሁልጊዜ አብረው ይጓዛሉ» ለሚለውም ትንሽ ማረሚያ አለኝ። አብረው የሚታዩት በተለይ በክረምት ነው። በበጋ ቡችላዎቹ መሄድ ስለማይችሉ ጎሬው፣ በኋላም ቡችላዎቹ የሚቆዩበት የመሰብሰቢያ ቦታ እንደ ቤት ሆኖ ያገለግላል። ትልልቆቹ ከዚያ ለየብቻ ወይም ሁለት ሁለት ሆነው ይወጣሉ፣ ይመለሳሉ። ፎቶግራፍ አንሺው ግን ጥቁር ነጠብጣብ በነጭ በረዶ ላይ የሚያየው ክረምት ላይ ነው። እኛም በዓይነ ሕሊናችን የቀረው እሱ ነው።

በክረምት ርቀቱ ያስገርማል። በሰዓት 8 ወይም 9 ኪሎ ሜትር በሆነች ሶምሶማ ይሄዳሉ። በአንድ ቀን 30፣ 40 ኪሎ ሜትር ማለፍ ብርቅ አይደለም። የሚበላው እንስሳ የተበተነ ነው፣ አብዛኛው ሙከራም ይከሽፋል፣ ወሰኑም መታየት አለበት። ሌላ ምርጫ የላቸውም።

ስለ «አልፋ»

ይህን ሳልነግርዎ ብተው ይቆጨኛል። የአልፋው ታሪክ የመጣው በዋናነት በ1947 ሩዶልፍ ሼንከል ካወጣው ጥናት ነው። ሼንከል ተኩላዎቹን ያጠናው በስዊዘርላንድ ባዝል በሚገኝ የእንስሳት ማቆያ ውስጥ ነው። እዚያ የነበሩት ተኩላዎች በአንድ አጥር ተዘግተዋል። የሚሸሹበት ቦታ የለም። ልጅ አድጎ መውጣት አይችልም። ታዲያ ተጣሉ፣ የበላይና የበታች ተለየ። የታየው እውነት ነው። ከጫካው ጋር ግን አይገናኝም።

አሜሪካዊው ተመራማሪ ዴቪድ ሜክ በ1970 ባሳተመው መጽሐፉ ይህን አሳብ ለብዙ ሰው አዳረሰው። በኋላ ራሱ ወደ ካናዳ ሩቅ ሰሜን፣ ወደ ኤልስሚር ደሴት ሄደ። እዚያ ያሉት ተኩላዎች ሰውን ስለማይፈሩ በቅርብ ሊያያቸው ቻለ። ከ1986 ጀምሮ ለአሥራ ሦስት በጋዎች ተመላለሰ። ያየው ሥልጣን ለመያዝ የሚደረግ ትግል አይደለም። ወላጆችና ልጆች ናቸው። በ1999 ተኩላን «አልፋ» ማለት የሰውን አባት ወይም እናት «አልፋ» እንደ ማለት ነው የሚል ይዘት ያለው ጽሑፍ አወጣ። የገዛ መጽሐፉ መታተም እንዲያቆም አሳታሚውን ደጋግሞ ጠየቀ። እንዲህ ያለ ሰው አከብራለሁ። ስሙን ያስጠራውን ነገር ራሱ ነው ያፈረሰው።

ሙሉውን ለማለት ያህል፣ ሁሉም መንጋ ንጹሕ አባት፣ እናትና ልጅ አይደለም። የእንጀራ አባት የሚገባበት አለ። አጎት የሚቆይበት አለ። ምግብ በበዛበት ቦታ ሁለት ሦስት ሴቶች በአንድ መንጋ ይወልዳሉ። በየሎውስቶን ድሩይድ ፒክ የሚባለው መንጋ በ2001 እስከ 37 ደርሶ ነበር። ተኩላ ወደዚያ ፓርክ የተመለሰው በ1995 ነው፤ ኤልክ ሞልቶ ነበር፣ ጎረቤትም ጥቂት ነበር። ግን 37 ተኩላ አንድ ላይ ብዙ አልቆየም። በዓመቱ ተከፋፈለ። በቂ ያልደረሰው ይወጣል።

የሚወጣውስ?

የልጅዎ ጥያቄ እዚህ ላይ ይመጣል። ብቻቸውን መሄድ ይፈራሉ? ሁሉም ማለት ይቻላል በሕይወታቸው አንድ ጊዜ ብቻቸውን ይሄዳሉ። አንድ ዓመት ከሞላቸው በኋላ የሆነ ወቅት ላይ ምግቡ ይጠብባቸዋል፣ ወላጆቻቸው ማዕድ ላይ ያንጓጥጧቸዋል፣ የትዳር ጓደኛም በቤት ውስጥ የለም፤ ያሉት እኅትና ወንድም ናቸው። ይወጣሉ። ያ ወቅት ከሁሉም አደገኛው ነው። የማያውቁት መሬት ነው። ሌላ መንጋ ቢያገኛቸው ሊገድላቸው ይችላል። መንገድና መኪና አለ፣ ሰው አለ። ብዙዎቹ አይተርፉም።

ከሚተርፉት አንዱን ልንገርዎ። ስላቭች የሚል ስም የተሰጠው ወጣት ወንድ ተኩላ ነው። በስሎቬኒያ ተመራማሪዎች በ2011 ጂፒኤስ ያለው ማሰሪያ አንገቱ ላይ አደረጉለት። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ከወላጆቹ ክልል ወጣ። አውራ ጎዳናዎችን ተሻገረ። ድራቫ የሚባለውን ትልቅ ወንዝ ዋኘ። ወደ ኦስትሪያ ገባ፣ በክረምቱ መሀል በአልፕስ ተራሮች በረዶ ውስጥ አለፈ፣ ወደ ጣሊያን ወረደ። ተመራማሪዎቹ በካርታው ላይ ነጥቦቹን እያዩ በየቀኑ ይከተሉት ነበር። በ2012 መጋቢት ከቬሮና ከተማ በስተሰሜን ወዳለው የሌሲኒያ ተራራማ አገር ደረሰ። ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ብቻውን ተጉዟል።

በሌሲኒያ ተኩላ ከጠፋ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ባዶ መሬት ነው፣ ታዳኝ አለ፣ የሚያባርረው መንጋ የለም። ሆኖም እዚያ ከእሱ ቀድማ የደረሰች አንዲት ሴት ተኩላ ነበረች፤ ከጣሊያን በኩል የመጣች፣ እሷም ብቻዋን። በቬሮና ምክንያት ሰዎቹ ጁልዬት አሏት። ስላቭች መሄዱን አቆመ። በ2013 ቡችላዎች ወለዱ፤ በቀጣዩ ክረምት በሌሲኒያ በረዶ ላይ የሚታየው የሁለት ተኩላ ዱካ ብቻ አልነበረም።